ካርታ የሌለው ሜዳ



ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። መስኮት አጠገብ ይቀመጥ የነበረ፣ የአድዋን ዘመቻ መንገድ ከማጥናት ይልቅ በደብተሩ ጀርባ የኳስ አሰላለፍ መሥራት የሚወድ ልጅ ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ቀን ጋራዥ ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣና ቅዳሜ እሑድ ደግሞ የሰፈሩን ታዳጊዎች ኳስ ያሠለጥናል። እኛ አገር "ፕሮጀክት" የምንለው ነገር ነው።

"ቲቸር፣ ሜዳችን ላይ ችካል ተተክሏል" አለኝ።

"ማን ተከለው?" ብለው እሱም በቅጡ አያውቅም፣ ገና እየጠየቁ ነው። ስለዚህ የሜዳውን ስም እዚህ አልጠራም። እኔ ለ31 ዓመት ጠመኔ ይዤ ከተመላለስኩባቸው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በአንዱ ያለ ነው ብዬ ልለፈው። የደወለልኝ ግን ለማማረር አልነበረም። "እርስዎ የታሪክ አስተማሪ ነዎት፣ ይህ ቦታ ከመቼ ጀምሮ ሜዳ እንደሆነ ይጻፉልን። ወረቀት አምጡ ተብለናል" አለኝ።

ወረቀት! ምን ልበላችሁ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኳሳችንን ታሪክ ስንጽፍ ስለ ክለብ ጽፈናል፣ ስለ ዋንጫ ጽፈናል፣ ስለ አሠልጣኝ መባረርማ በየሳምንቱ እንጽፋለን። ስለ ሜዳ ግን ማን ጻፈ? እስቲ ዛሬ ያንኑ የምናውቀውን ታሪክ ከሜዳው በኩል ሆነን እንየው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

*

ነገሩን ከአራዳ ልጀምር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው። ጊዜውን አስቡት፣ ጣሊያን ሰሜን ላይ እየተዋጋ ነው፣ አዲስ አበባ ከመያዟ በፊት የቀሩት ወራት ጥቂት ናቸው። በዚያ ጭንቅ መሀል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ቡድን አቋቋሙ። ስማቸውን ያገኙት ከሰፈራቸው ደብር ነው። ክለቡ የተወለደው ከቢሮ ወይም ከበጀት አይደለም፤ አንድ ሰፈር የሚውሉ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት ቦታ ስለነበራቸው ነው።

ከነጻነት በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1944፣ የመጀመሪያው የሊግ ውድድር ሲደረግ አምስት ቡድን ነበር የተሰለፈው፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ልብ በሉ፣ ከአምስቱ አራቱ የውጭ ሰዎች ማኅበር ናቸው፣ ኢትዮጵያውያኑን የወከለው የሰፈር ልጆች ቡድን ብቻ ነበር። ከዚያ የሰፈር ቡድን የወጣው ይድነቃቸው ተሰማ ነው በኋላ ከ1972 እስከ 1987 (በፈረንጆቹ) የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት የመራው።

ከዚያ ወደ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እንሂድ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያና ግብፅ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜም አቻ ሆንን። በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየዓመቱ እንደ ጸሎት እንደግመዋለን።

አሁን የምነግራችሁን ከዚያ ጋር አያይዛችሁ ያዙልኝ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በድጋሚ አሸነፈች፣ 2 ለ 0። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ጨዋታው "በሜዳችን" የተደረገ ጨዋታ ነበር። የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! ለምን ቢሉ የአዲስ አበባው ስታዲየም የካፍን መመዘኛ አያሟላም ተብሎ ተዘግቶ ነበር፣ የባሕር ዳሩም ተከለከለ። በ1954 ግብፅን በአገሩ ስታዲየም፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት ያሸነፈ አገር፣ ከ60 ዓመት በኋላ ደስታውን ለመደሰት የሰው አገር ሣር ተበደረ። እኔ ያን ቀን በደስታ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ አፈርኩ።

ብዙዎቻችን ይህን የስታዲየም ችግር ብቻ አድርገን እናወራዋለን። የወንበር፣ የመብራት፣ የመልበሻ ክፍል ጉድለት። እሱም አለ። ግን ችግሩ ከላይ የታየው ከታች ከበሰበሰ በኋላ ነው ባይ ነኝ። ሜዳን እንደ ሀብት ያልቆጠረ አገር መጨረሻው ይኸው ነው።

*

አሁን ወደ እኛ ከተሞች ልምጣ።

እኔ ሰበታ የገባሁት በ1978 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ ተመራቂ አስተማሪ ሆኜ። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያኔ ሰበታ ማለት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ የአልኮል ፋብሪካውና ሜታ አቦ ቢራ ነበረች። ኳስ ደግሞ በቀበሌ ነበር የሚሄደው። የአኢወማ ወጣቶች ቀበሌ ለቀበሌ ይገጥማሉ፣ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት አስተማሪ ነው፣ ሽልማቱ አንድ በግ። ስለ ዘመኑ ብዙ የምንለው አለ፣ እሱን ለሌላ ቀን። ኳሱን በተመለከተ ግን አንድ እውነት አለ፦ ቀበሌው ሲከለል "ይህ የልጆች መጫወቻ ነው" ተብሎ በአፍ የሚታወቅ ቦታ ነበር። በአፍ ብቻ። ይህን "በአፍ" የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከቀበሌው ቡድን በላይ ያለው የፋብሪካው ቡድን ነው። ይህ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ራሱ ሉቺያኖ ቫሳሎም ተጫውቶበታል። ወንጂ በስኳሩ፣ ሙገር በሲሚንቶው ቡድን አቁመዋል። ሰበታም በሜታ አቦ ቢራ ስም እስከ ፕሪሚየር ሊግ የደረሰ ቡድን ነበራት። የሰበታ ልጅ አስፋልቱን ተሻግሮ የሚያየው ተጫዋች ነበረው ማለት ነው። እናቱ ጠርሙስ አጣቢ፣ አጎቱ ዘበኛ፣ እሱ ደግሞ "የሜታ በረኛ እሆናለሁ" የሚል።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ ቢጂአይ ዞረ። ዛሬ በሊጉ ሠንጠረዥ ላይ የሜታን ስም አታገኙትም። ሙገርንም አታገኙትም። የፋብሪካ ዋና ሥራው ኳስ አይደለምና በዚህ ማንንም አልወቅስም። ትምህርቱ ግን ይቅርብን አንበል፦ ባለቤቱ ሲቀየር ቡድኑም አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ልጁ የቆመበት መሬት የሰው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የከተማ አስተዳደር ክለብ ዘመን ነው። ሰበታ ከተማ፣ ቡራዩ ከተማ፣ ሱሉልታ ከተማ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሁሉም በየስማቸው ክለብ አቆሙ። ሰበታ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ፣ አሠልጣኙም በኋላ ዋልያዎቹን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃው ውበቱ አባተ ነበር። ሰበታ እንዴት እንደተደሰተች! ተማሪዎቼ የክለቡን ማልያ ለብሰው ክፍል ይገቡ ነበር፣ አስወልቁ ሲሉኝ ያላየሁ መስዬ አልፌያለሁ።

ያ ዓመት በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ብቻ መካሄድ ጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። የሰበታ ሰው የሰበታን ቡድን በዲኤስቲቪ ካፌ ተሻምቶ አየ። በ2014 መጨረሻ ክለቡ ወረደ። ለገጣፎ በ2015 ወጣ፣ በዚያው ዓመት ወረደ። በዚያው በ2015 ደግሞ እነዚህ ከተሞች ራሳቸው ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ።

እንግዲህ እዩት። አንድ ሰው ዕድሜውን ሳይጨርስ ሰበታ ላይ የቀበሌ ቡድን አየ፣ የፋብሪካ ቡድን አየ፣ የከተማ ክለብ አየ። ሦስቱም መጡ፣ ሦስቱም ሄዱ ወይም ስም ቀየሩ። በዚህ ሁሉ መሀል ሳይቀየር የቆየው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቦርሳቸውን ጎል አድርገው የሚጫወቱበት ቦታ ብቻ ነው። አሁን ችካል የተተከለው እሱ ላይ ነው።

*

ቡራዩን የሚያውቅ አሸዋ ሜዳን ያውቃል። ዛሬ ስሙ ሜዳ ነው እንጂ ታክሲና ፎቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ኳስ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ፣ ወያላው "ኳስ ሜዳ! ኳስ ሜዳ!" ሲል የሚሰማ ሕፃን ኳሱ የት እንዳለ ሊጠይቅ ይችላል። ከተማ ሲያድግ ሜዳ ይጠፋል፣ ስሙ ብቻ ይቀራል። ጃን ሜዳ እንኳ፣ ያ ታላቅ ሜዳ፣ በ2012 በኮሮና ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ገብቶበት ከርሞ ነው ለቀጣዩ ጥምቀት የጸዳው። የተቸገረ ጊዜ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ሜዳ ላይ ነው፣ "ባዶ ቦታ" ይመስለናላ!

እኔ ቡራዩ በነበርኩበት ጊዜ ልጆቹ በሁለት ቋንቋ ነበር የሚጫወቱት። አንዱ "አቀብለኝ!" ይላል፣ ሌላው "ናፍ ኬኒ!" ይላል፣ ኳሱ ለሁለቱም ይደርሳል። ክፍል ውስጥ የማይነጋገሩ ልጆች እዚያ ሲተቃቀፉ አይቻለሁ። ስብሰባ ተጠርቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ ስለ አብሮ መኖር ሲወራ ስሰማ ያ ሜዳ ትዝ ይለኛል። አበል አልነበረውም።

ሱሉልታ ደግሞ ሌላ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር፣ ክረምት ላይ ሜዳዋ ውሃ የሚተኛበት። ግን ጠዋት ተነስታችሁ እዩ፣ ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው ሲያልፉ! ቀነኒሳ በቀለ እዚያ የመሮጫ ትራክ አሠርቷል፣ ከውጭ አገር ሳይቀር መጥተው ይሠለጥኑበታል። የሱሉልታ ልጅ ሯጭ መሆን ሲያምረው የሚሮጥበት አየር፣ ዳገትና የሚከተለው ሰው አለው። ለሩጫ መንገዱም ይበቃል። ኳስ ግን በመንገድ ዳር አያድግም፣ ጠፍጣፋ መሬት ይፈልጋል። ጠፍጣፋ መሬት ደግሞ በእኛ ከተሞች ዋጋው ሰማይ የነካ ነገር ነው። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

*

"ታዲያ ፕሮጀክት ማለት ምንድነው?" ለምትሉኝ፣ የተማሪዬን ልንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ከ40 የሚበልጡ ልጆች አሉ። ኳስ አራት፣ አንዱ የተነፋፈሰ። ኮን የለም፣ አሸዋ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው የሚደረደረው። ታኬታ ያለው ጥቂቱ ነው፣ የቀረው ሸራ ጫማና ባዶ እግር። ታኬታ ያለው በግማሽ ሰዓት አውልቆ ለሌላው ያውሳል፣ ይህ የእሱ ሕግ ነው። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ድንጋይ ይለቅማል። ሰኞ ደብተር ያያል፣ ከክፍል የቀረ ልጅ ቅዳሜ አይጫወትም። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው የለም፣ የትራንስፖርቱንም ከኪሱ ነው። ወላጆች በወር ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ የሰፈሩ እድር ለውድድር ቀን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ያበድራል። እሑድ ጠዋት ደግሞ የጤና ቡድኑ፣ ማለትም እኛ ቦርጫሞቹ፣ አንድ ሰዓት ላይ ተጫውተን ሜዳውን ለልጆቹ እንለቃለን።

ይህ ነው እንግዲህ "ከታች የሚጀምር እግር ኳስ" የሚባለው። በየስብሰባው "ታዳጊ ላይ እንሥራ" ሲባል የሚሠራው እዚህ ነው።

አንድ ነገር አልረሳም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባገቡበት ቀን፣ ልጆቹ ከየቤቱ እየጮኹ ወጡ። የት ሄዱ? ወደ ሜዳው! ማንም ሂዱ አላላቸውም። ጨለማው እስኪውጣቸው ሁሉም ሳላዲን ሆነው ተጫወቱ። ደስታም እኮ የሚሮጥበት ቦታ ይፈልጋል።

*

የሰው አገር ተሞክሮ ካስፈለገ አይስላንድን ውሰዱ። ሕዝቧ ያኔ 330,000 ገደማ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ክፍለ ከተማ ጋር የሚነጻጸር። ዓመቱን ግማሽ በረዶ። በፈረንጆቹ 2016 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ እንግሊዝን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ገባች፣ በ2018 የዓለም ዋንጫ ተጫወተች። ምን አደረገች? ከዓመታት በፊት ጣሪያ ያላቸው የኳስ አዳራሾች ሠራች፣ በየትምህርት ቤቱ ጎን ትናንሽ ሜዳ አነጠፈች፣ ለሕፃናት ሳይቀር የተማረ አሠልጣኝ መደበች። መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ አሠልጣኝ፣ ከዚያ ውጤት። እኛ ገልብጠነው መጀመሪያ ክለብ እናቋቁማለን፣ ከሌላ ክልል ተጫዋች በውድ እናስፈርማለን፣ ስንወርድ አሠልጣኝ እናባርራለን። የሰፈሩ ልጅ ያን ሁሉ ከሩቅ ያያል።

"ጋሼ፣ እነሱ ሀብታም ናቸው" እንዳትሉኝ። እኔ የጠየቅኩት ጣሪያ አይደለም። እኛ የምንፈልገው ያለውን መሬት ማንም እንዳይነካው ብቻ ነው።

ሰውም ቤት ይፈልጋል፣ ይህን አልክድም። የቤት ችግር በእነዚህ ከተሞች የማያውቀው የለም፣ እኔም ስንት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። መንገድም ጤና ጣቢያም ያስፈልጋል። ግን ሺህ ቤት ሠርተን የሺህ ቤት ልጅ የሚጫወትበት አንድ ሜዳ ካልተረፈ፣ ልጁ የሚውለው የት ነው? መልሱን ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ወላጅ ሆናችሁ ደውላችሁ አልቅሳችሁብኛል። ጫትና ቁማር ቤቱ ቦታ አላጣም።

አሁን ወደ "በአፍ" ልመለስ። ሰው ለቤቱ ካርታ አለው። ፋብሪካው ካርታ አለው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ይዞታቸውን ያስከብራሉ። ሜዳው ግን ካርታ የለውም። "የሁሉም ነው" ስንል ኖርን፣ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ወረቀት ሲጠየቅ የማንም ይሆናል። ሦስት ዓይነት ቡድን መጥቶ ሄዶ ሜዳው የቆየው ማንም ስላልፈለገው ነበር። አሁን ተፈለገ።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ በየወረዳው ያሉ የልጆች ሜዳዎች ተለክተው በሜዳነት ይመዝገቡ፣ ካርታ ይውጣላቸው። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ግቢዎች ቅዳሜ፣ እሑድና ክረምት ለሰፈሩ ልጆች ይከፈቱ፤ አስተማሪ ነበርኩና ዘበኛውና ርዕሰ መምህሩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፣ መፍትሔ አለው። ሦስተኛ፣ የከተማ ክለብ ዘንድሮ ለዝውውር ከሚያወጣው ላይ ቆንጠር አድርጎ ለእነዚህ በነጻ ለሚሠሩ የፕሮጀክት አሠልጣኞች ሥልጠናና ኳስ ይግዛ። አራተኛው ለእኛ ለጤና ቡድኖች ነው፦ ተጫውተን ላባችንን ጠርገን ሻይ ቤት ከመሄዳችን በፊት በወር አንዲት ኳስ እንግዛ፣ አይከብደንም።

ለተማሪዬ ግን አሁን የሚያስፈልገው ወረቀት ነው። እኔ የማውቀውን ጽፌ ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ፦ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ሜዳ ላይ ተማሪዎቼ ሲጫወቱ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ። የአንድ ሽማግሌ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ እናንተ፣ በእነዚህ ከተሞች ያደጋችሁ፣ አሁን አሜሪካም ሁኑ ዱባይ፣ እዚሁም ሁኑ፣ ኮሜንት ላይ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ የተጫወታችሁበት ሜዳ ስሙ፣ የተጫወታችሁበት ዓመት፣ ዛሬ እዚያ ላይ ምን እንዳለ። የድሮ ፎቶ ያላችሁ፣ ከኋላው ዛፍም ተራራም ይታይ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሰብስቤ በደብተር አድርጌ ልጁ ሲጠየቅ ይዞ እንዲገባ እሰጠዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር ነኝ። በቅርብ ያላችሁ ብቅ በሉ፣ የተነፋፈሰውን ኳስ የሚነፋ ፓምፕ ያለውም ይዞ ይምጣ።

አክባሪያችሁ፣ የታሪክ አስተማሪያችሁ።